«ቲቸር፣ ሁለት ፕሮግራም እንዴት ነው የሚያወሩት?» ለምትሉኝ



ከጥቅምት ወዲህ ይሄን ጥያቄ በውስጥ መስመር የላኩልኝ ሰዎች አራት ደርሰዋል። ሦስቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፤ አንዷን በአካል አላውቃትም። የሁሉም ነገር ሲጨመቅ አንድ ነው። አንዱ ፕሮግራም በፓይተን ተሠርቷል፣ ሌላው በሲ ሻርፕ ወይም በሌላ ቋንቋ፤ ሁለቱም ለየብቻ ነው የሚሠሩት። አንዱ የያዘውን መረጃ ለሌላው እንዴት ያቀብለው? አንደኛው ልጅማ «ቲቸር በአንድ መስመር ይመልሱልኝ፣ ሶኬት ነው ወይስ ፋይል?» ብሎኛል።

በአንድ መስመር የሚያልቅ ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን ከአራቱ አንዱ የገጠመው ነገር የሰው እንጀራ የነካ ስለሆነ፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ኮድ የማትጽፉ ወዳጆቼም አትሂዱ፣ መሃል ላይ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስቸግር።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ፋንክሽኖች እንዲነጋገሩ ማንም ተጨንቆ አያውቅም። አንዱ ሌላውን ይጠራዋል፣ ያኛው መልስ ይሰጠዋል፣ በቃ። አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን ሌላው ያነሳዋል። ፕሮግራሞቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መሃላቸው ግድግዳ ያቆማል። ሆን ብሎ ነው የሚያቆመው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ፣ አንዱም የሌላውን ምስጢር እንዳያይ።

ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስረዳ የኮንዶሚኒየም ምሳሌ እሰጥ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ብሎክ 12 ላይ ቤት ቁጥር 204 አለ። ብሎክ 13 ላይም ቤት ቁጥር 204 አለ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ውስጡ የሚኖረው ቤተሰብ ግን ሌላ። የሚሞሪ አድራሻም እንደዚያ ነው። አንዱ ፕሮግራም «መረጃው 204 ላይ አለልህ» ብሎ ለሌላው ቢነግረው፣ ያኛው ሄዶ የሚያንኳኳው የራሱን ብሎክ 204 ነው። እዚያ ምን እንደሚያገኝ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ለሌላ ፕሮግራም ፖይንተር መላክ ዋጋ የለውም። መሄድ ያለበት ዕቃው ራሱ ነው፤ ተገልብጦ፣ ታሽጎ፣ ሁለቱም በሚያውቁት በር በኩል።

በሮቹ ብዙ ናቸው። ከሁሉም ቀላሉ ፋይል ነው። አንዱ ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፣ ሌላው እየመጣ ያነባል። በፋይል መሥራት የሚያፍሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙ መሥሪያ ቤት ዛሬም ሌሊት ሌሊት መረጃ የሚለዋወጠው በፋይል ነው። ጣጣው አንባቢው፣ ጸሐፊው ሳይጨርስ መድረሱ ነው፤ ግማሽ ፋይል አንብቦ ሙሉ መስሎት ይሄዳል። መድኃኒቱ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ሲያልቅ ስሙን ወደ ትክክለኛው መቀየር ነው። እዚያው ዲስክ ክፍል ላይ እስከሆነ ድረስ ሊኑክስና ዘመዶቹ ስም መቀየርን በአንድ ጊዜ ነው የሚፈጽሙት። አንባቢው ወይ ሙሉውን ያገኛል ወይ ምንም አያገኝም።

ሁለተኛው በር ፓይፕ ነው፤ እኔ በግሌ በጣም የምወደው። ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ዳግ ማክልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ ፕሮግራሞችን ልክ እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየቀጣጠልን መጠቀም አለብን የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሰሚ እስኪያገኝ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1973 ኬን ቶምሰን ዩኒክስ ውስጥ አስገባለት፤ ማክልሮይ ሲያወሳው ሥራው የተሠራው በአንድ ሌሊት ነው። ተርሚናል ላይ በሁለት ትእዛዞች መሃል የምናደርጋት ያቺ ቋሚ መስመር የዚያ ሌሊት ውጤት ናት። የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት ይሆናል፤ አንዱ ስለሌላው ማንነት ማወቅ አያስፈልገውም።

ፓይፕ ግን ሆድ አለው፣ ሆዱም ይሞላል። ሊኑክስ ላይ ካልቀየራችሁት በስተቀር የሚይዘው 65,536 ባይት ነው። ከሞላ ጸሐፊው ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ላይ በየዓመቱ የሚደገም ጉድ አለ። እናት ፕሮግራም ልጅ ፕሮግራም ታስነሳለች፣ ከዚያ «ልጄ ሥራዋን ትጨርስ፣ ከዚያ አነበዋለሁ» ብላ ትጠብቃለች። ልጅ ደግሞ ፓይፑ ስለሞላባት እናቷ አንብባ እስክታቃልልላት ቆማለች። ሁለቱም ተከባብረው ይጠባበቃሉ፤ እስከ ምጽአት። የሚያናድደው በትንሽ መረጃ ስትሞክሩት በደንብ መሥራቱ ነው። ደንበኛ ጋ ሄዶ መረጃው ሲበዛ ነው የሚደርቀው። እናት ልጇን መጠበቅ ያለባት እያነበበች ነው።

ሼርድ ሚሞሪ የሚባለውን ብዙም አልሄድበትም። ግድግዳው ላይ ሁለቱም የሚደርሱበት መስኮት እንደመክፈት ነው፤ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ግን ማን መቼ እንደሚጽፍ በቁልፍ ካልተቆጣጠራችሁት አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። ቪዲዮ ወይም ትልልቅ ምስል የማትነካኩ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የቀረው ሶኬት ነው። በዛሬው መልኩ ሰፊው ዓለም የተቀበለው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ካወጣው 4.2 ቢኤስዲ ጋር ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ማሽን ላይ ካሉ በ127.0.0.1 ይጠራራሉ፤ ነገ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር አድራሻውን ብቻ ትቀይራላችሁ። እንግዲህ በአንድ መስመር ላልከኝ ልጅ፦ አንዱ ሌላውን የሚያስነሳው ከሆነ ፓይፕ፣ ለየብቻ የሚነሱ ከሆነ ሶኬት፣ ሶኬቱን ራስህ መጎርጎር ካልፈለግክ ከላዩ ኤችቲቲፒ። ይኸውልህ።

ግን በሩን ስለመረጥክ ሥራው አላለቀም። እንዲያውም ገና አልተጀመረም። የሚያስቸግረው በሩ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች የሚገቡት ውል ነው። የላክሁት የት ላይ ያልቃል? የጻፍሁት ፊደልና ቀን ለአንተም ያው ነው? ዝም ስትለኝስ ምን ልረዳ?

በፊደሉ ልጀምር፣ እኛን በተለየ ይነካናልና።

በቲሲፒ የሚሄደው ነገር ደብዳቤ ሳይሆን ውሃ ነው። ሦስት ጊዜ የላካችሁትን ተቀባዩ በአንድ ጉንጭ ሊጠጣው ይችላል፤ አንድ ጊዜ የላካችሁት ደግሞ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ሊደርሰው ይችላል። ቅደም ተከተሉ አይዛባም፤ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ማንም አልነገረውም። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚልክ ሰው ይሄ ሳይታወቀው ብዙ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ በዩቲኤፍ-8 አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ መሃሉ አይቆረጥም። የእኛ መደበኛ ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። «ጀንፈል» አራት ፊደል ናት፣ 12 ባይት። ተቀባዩ 10ኛው ባይት ላይ ቢያቆም በእጁ ያለው «ጀንፈ» እና የ«ል» ሢሶ ነው። እሱን ወዲያው ወደ ጽሑፍ ልቀይር ካለ፣ ወይ ስህተት ብሎ ይወድቃል፣ ወይ ያቺን የምታውቋትን ጥያቄ ምልክት ያዘለች ጥቁር አልማዝ ያወጣላችኋል።

ብዙ የመማሪያ ኮድ 1024 ባይት፣ 1024 ባይት እያለ ነው የሚያነበው። 1024ን ለሦስት አካፍሉት፤ አንድ ይተርፋል። ክፍተትና ቁጥር የሌለበት ንጹህ የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ገና የመጀመሪያው ንባብ ላይ አንድ ፊደል ይሰነጠቃል ማለት ነው። «አማርኛ አይደግፍም» እየተባለ የሚወረፈው ፕሮግራም ሁሉ በእውነት የማይደግፍ እንዳይመስላችሁ። ፊደሉማ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ገብቷል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳይሞላ የሚፈታ ጭነት ነው።

ስለዚህ ወይ መጀመሪያ ርዝመቱን ላኩ፣ ቀጥሎ ይዘቱን፤ ወይ እያንዳንዱን መልእክት በአዲስ መስመር ምልክት ዝጉት፤ ይዘቱ ውስጥ ራሱ የመስመር ምልክት እንዳይገባ ጄሰን ይጠብቅላችኋል። ተቀባዩ መልእክቱ ሳይሞላ ወደ ጽሑፍ አይቀይር። ርዝመት ስትልኩ ደግሞ ባይት ነው የሚቆጠረው፣ ፊደል አይደለም። «ጀንፈል» ብሎ ልኮ ርዝመቱን 4 ያለ ኮድ አይቻለሁ፤ ተቀባዩ አራት ባይት ወስዶ የቀረውን ስምንት ባይት የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርምስ ነው።

የአዲስ መስመር ምልክት ለምን አስተማማኝ ሆነ ካላችሁ፣ ዩቲኤፍ-8 ሲሠራ የአንድ ሰፊ ፊደል ክፍል የሆነ ባይት መቼም ከእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ከመስመር ምልክት ጋር እንዳይምታታ ተደርጎ ስለተቀረጸ ነው። ይሄን የነደፉት ሮብ ፓይክና ኬን ቶምሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው፣ ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ። አዎ፣ ያው የፓይፑ ቶምሰን። ሰውየው የእኛን ፊደል ያውቅ ነበር አልልም፤ ግን ዛሬ ጅማ ያለ ኮምፒውተር አዲስ አበባ ላለው «ጀንፈል» ብሎ ልኮ የሚግባባው በዚያች ወረቀት ነው።

ቀኑስ? ቀኑ አጭር ነው ግን መርዝ ነው። አንዱ ፕሮግራም በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን 2017-13-03 ብሎ ቢልክ፣ በፈረንጅ የሚያስበው ተቀባይ 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ይሄ ደጉ ነው፣ ጮኾ ነገራችሁ። ክፉው መስከረም 5 ቀን 2017 ነው። 2017-01-05 ተብሎ ሲሄድ ተቀባዩ ምንም ሳይል ይቀበለዋል፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2024 የሆነው ነገር ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ተብሎ ይመዘገባል። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ! ሰዓቱም እንደዚሁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማሽኑ ሌሊት ዘጠኝ ነው። በሽቦው ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይሂድ፤ ለሰው ስታሳዩ ስክሪኑ ላይ የወደዳችሁትን አድርጉ።

አሁን ወደ ዝምታው።

ከአራቱ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ የሚሠራበት ድርጅት (ስሙ ይቅር) ወደ ጅማ አቅጣጫ ቡና ይረከባል። ገበሬው ጀንፈሉን በኬሻ ያመጣል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ መዛኟ ቁልፍ ትጫናለች፣ ደረሰኝ ይታተማል። ሚዛኑ በገመድ የተገናኘው እዚያው ካለ ኮምፒውተር ጋር ነው፤ በሲ ሻርፕ የተጻፈ ፕሮግራም ክብደቱን ያነብና አዲስ አበባ ላለው የፓይተን ፕሮግራም በሞባይል ኢንተርኔት ይልካል። ሁለት ፕሮግራም፣ ሁለት ከተማ። የጻፈው ሰው ከእሱ በፊት የነበረ ነው፤ ለቋል።

የወሩ መጨረሻ ላይ መጋዘን ሲቆጠር መዝገቡ ከሚለው 19 ኬሻ ጎደለ። መዝገቡ ገብቷል ይላል፣ መጋዘኑ የለም ይላል። መሃል ላይ ያለችው መዛኟ ናት። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ጉድለቱ ከደመወዟ በየወሩ እንዲቆረጥም ፈርሚ ተባለች፣ ፈረመች። ምን ታድርግ? ልጁ ለእኔ ሲጽፍልኝ የጠየቀኝ ስለ ሶኬት ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጻጻፍን በኋላ ነው «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሴትየዋ የምትሰርቅ ሰው አይደለችም፣ ግን የማስረዳበት ነገር አጣሁ» ያለኝ።

ሎጉን ላከልኝ። ሁለት ምሽት አብረን በስልክ ተቀመጥን። የሚዛኑ ፕሮግራም ልኮ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ መልስ ካልመጣ «አልደረሰም» ብሎ እንደገና ይልካል። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ግን የጠፋው መልእክቱ አልነበረም፤ መልሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ተቀብሎ ጽፏል፣ «ገብቷል» ብሎም መልሷል፤ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል ወይም 5 ሰከንዱ ካለፈ በኋላ ደርሷል። ሁለተኛው ሲመጣ አዲስ ኬሻ መስሎት እንደገና ጻፈው። አንድ ኬሻ ሁለት ሆነ።

መዝገቡ ላይ ክብደታቸው እስከ አሥር ግራም ድረስ አንድ የሆኑ፣ ገበሬያቸው አንድ የሆነ፣ በመሃላቸው ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ብቻ ያለ ጥንዶች ፈለግን። ቁጠር አልኩት። ቆጠረ፤ ስልኩ ላይ ለትንሽ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። 19 ናቸው።

ኮድ የማታውቁ ወዳጆቼ፣ ይሄ እናንተን የሚመለከተው ነው። አንድ ሰው በ7 ሰከንድ ውስጥ ኬሻ ጀንፈል መዝኖ፣ አውርዶ፣ ሌላ ኬሻ ጭኖ እንደገና መመዘን አይችልም። ለዚያውም ሁለቱ ኬሻዎች በግራም ሳይበላለጡ። ደረሰኙ ደግሞ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ስለሚታተም ሁለቴ አልወጣም፤ የደረሰኞቹ ቀሪ ሲደመር መጋዘኑ ውስጥ ካለው ጋር ልክ ነው። ወረቀቱ እውነቱን ይናገር ነበር። የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

አሠሪዎቹ መጀመሪያ ያሉት «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ነው። እውነት ነው፣ አልተሳሳተም። አንዱ ካልመለሱልህ ድገም ተብሏል፣ ደገመ። ሌላው የመጣልህን ጻፍ ተብሏል፣ ጻፈ። ለየብቻ ብትመረምሯቸው ሁለቱም ንጹህ ናቸው። ያልተጻፈው በሁለቱ መሃል ያለው ውል ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም ሎግ አያስቀምጥም።

ነገሩን ጠለቅ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም «ታይምአውቱን 30 ሰከንድ ብናደርገውስ?» የሚል አይጠፋም። ልጁም ብሎኛል። አይፈታውም። ላኪው መልስ ሲያጣ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ መልእክቱ ሳይደርስ ጠፍቷል፤ ደርሶ፣ ተፈጽሞ፣ መልሱ ጠፍቷል፤ ወይም ያኛው ገና እየሠራ ነው። ከላኪው ወንበር ሆነው ሲያዩት ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። የቱን ያህል ብትጠብቁ አይለዩም።

ይሄ የእኛ ኔትወርክ ድክመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪዎች በጽሑፍ ያሳዩት፣ ጂም ግሬይ ደግሞ በ1978 የሁለቱ ጄኔራሎች ፓራዶክስ ያለው ጉዳይ ነው። ሁለት የጦር አዛዦች በሁለት ኮረብታ ላይ ናቸው፣ ጠላት መሃላቸው ሸለቆ ውስጥ። ባንድ ጊዜ ካልዘመቱ ይሸነፋሉ። አንዱ «ነገ ጎህ ሲቀድ» ብሎ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው በሸለቆው ሲያልፍ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስኪመጣ አይዘምትም። መልሱን የላከው ደግሞ መልሱ መድረሱን ማወቅ አለበት፣ ስለዚህ «መልስህ ደርሶኛል» መባል ይፈልጋል። እሱን የላከውም እንደዚያው። ስንት ጊዜ ቢመላለሱ ሁለቱም ባንድነት እርግጠኛ የሚሆኑበት የመጨረሻ መልእክት የለም። በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ ገመድ በመቀየር አይወጣም።

እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ ምን ይደረጋል? መድገምን ጉዳት አልባ ማድረግ ነው።

ከልጁ ጋር ያደረግነው ይሄው ነው። መዛኟ ቁልፉን ስትጫን የሚዛኑ ፕሮግራም ከመላኩ በፊት ለዚያ ምዘና አንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ያትመዋል፣ እዚያው ዲስክ ላይም ይጽፈዋል። ከዚያ ይልካል። መልስ ካጣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይደግማል፤ በ1 ሰከንድ፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ እያራራቀ፣ ያኛውን እንዳያጨናንቀው። «ገብቷል» የሚል መልስ እስኪያገኝ ከዲስኩ አያጠፋውም፤ መብራት ቢጠፋም ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ቁጥሩን አይቶት የሚያውቅ ከሆነ እንደገና አይጽፍም፤ ያኔ የመለሰውን መልስ ይመልሳል። አሥር ጊዜ ቢላክ አንድ ኬሻ አንድ ኬሻ ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ ኢዴምፖተንት የምንለው፤ ፈተና ላይ ያመጣሁባችሁ፣ ብዙዎቻችሁም የዘለላችሁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። «መጀመሪያ ቁጥሩ መኖሩን አጣራለሁ፣ ከሌለ እጽፋለሁ» ብላችሁ በሁለት እርምጃ አትሥሩት። ሁለቱ ቅጂዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም ያጣራሉ፣ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ፣ ሁለቱም ይጽፋሉ። ዳታቤዙ ራሱ ያ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ እንዲከለክል ዩኒክ አድርጉት። እሱ አይዘናጋም።

በስልክ ገንዘብ ስትልኩ «ተቆርጧል ግን አልደረሰም» የሚባለው ነገር ዘመዱ ይሄው ነው። መልስ ሳታገኙ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ታሪኩን ወይም ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ዝም ማለቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም።

ሴትየዋስ ለምትሉ፦ ልጁና እኔ ነገሩን አንድም የኮምፒውተር ቃል ሳንጠቀም በሁለት ገጽ ጻፍነው፤ 19ኙን ጥንዶች ከነሰዓታቸው ደርድረን፣ ከደረሰኞቹ ቀሪ ጋር አያይዘን። ሒሳብ ሹሙ ሲያነበው ገባው፤ ሒሳብ ሹም ሁለቴ የተመዘገበ ነገር ያውቃል። ማስጠንቀቂያው ተነሥቷል። የመጀመሪያው ወር ላይ የተቆረጠባት ገንዘብ ግን ይሄን እስከጻፍኩ ድረስ አልተመለሰም፤ «ቀጣዩ ደመወዝ ላይ» ተብሏል። ሥርዓቱን ለማስተካከል የፈጀብን አራት ቀን ነው። ደብዳቤ ለማስነሣት አምስት ሳምንት።

እንግዲህ የምትሠሩትን ስትሞክሩ ሁለቱም ፕሮግራሞች ደህና ሆነው ብቻ አትሞክሩ። ተቀባዩን መሃል ላይ ግደሉት። ገመዱን ንቀሉ። መልሱን ሆን ብላችሁ አዘግዩ። ተቀባዩ ጽፎ ከመመለሱ በፊት እንዲወድቅ አድርጉና መዝገቡን ቁጠሩ። የውጪ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ብለው ሲስተም የሚያቋርጥ መሣሪያ ይሠራሉ፤ እኛ መብራት አለልን፣ በነፃ ይሞክርልናል።

የሁለቱን ልጆች ጥያቄ ከላይ የመለስኩት ይመስለኛል። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ በአካል የማላውቅሽ። የአንቺ የተለየ ነው፤ የፓይተኑን ፕሮግራም የሚያስነሳው የራስሽ አፕ ስለሆነ ፓይፕ ይበቃሻል፣ በየመስመሩ አንድ ጄሰን። «ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ከአፑ ጋር ሳገናኘው ግን ዝም ይላል» ያልሽው ፓይተን የሚጽፈው ተርሚናል ላይ ሲሆን በየመስመሩ፣ ፓይፕ ላይ ሲሆን ግን ቋቱ እስኪሞላ አጠራቅሞ ስለሚልክ ነው። አልጠፋም፣ ገና አልወጣም። ፕሪንት ላይ ፍለሽን ትሩ አድርጊውና ሞክሪው። ካልሆነ ሎጉን ላኪልኝ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አለሁ።